ቦይለር ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ

በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ የጠዋት ቧንቧ ውሃ እጅ ይቆርጣል። ልጅ ላለው ሰው ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይረፍድ ሁለት ልጅ አጥቦ፣ አልብሶ መላክ አለ። ያኔ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ቦይለር ይሻላል?»

ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን ሌሎች አሉ። ውሃው ቤታችሁ የሚደርሰው እንዴት ነው? ከቆጣሪው የሚገባው መስመር ስንት ይሸከማል? ግድግዳው ከምን ተሠራ? ጣሪያውስ የማን ነው? እነዚህን የመለሰ ሰው መርካቶ ሲወርድ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ሳይመልስ የሄደ ሰው ጥሩ ዕቃ ገዝቶ ይመጣና ቤቱ አልቀበልም ይለዋል። ሻጩ ቤታችሁን አያውቅም። የሚሸጥላችሁ ያለውን ነው።

መጀመሪያ ውሃው

መሃል ከተማ ያለን ሰዎች ቤታችን አንድ ዓይነት አይደለም። የቆየ ግቢ ቤት አለ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ካዛንቺስ አዲስ አፓርታማ አለ። ብዙዎቻችንን የሚያመሳስለን ውሃው በፈረቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሮቶ አለን። የሮቶ ነገር ደግሞ ግፊት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ሆኖ የሻወሩ ራስ ከሱ 2 ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ ያላችሁ ግፊት 0.2 ባር ነው ማለት ነው። በጣም ትንሽ ነው። ሥር ፎቅ ያለው ጎረቤታችሁ ከዚያው ሮቶ ደህና ውሃ ያገኛል፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያላችሁት ግን ጠብ ጠብ ሲል ታያላችሁ።

ይሄ ምርጫውን እንዴት ይነካዋል? ኢንስታንት የሚባለው፣ ታንክ የሌለውና ውሃው ሲያልፍበት እዚያው የሚያሞቀው ማሞቂያ፣ ውሃ ሲገፋው የሚነሳ ማብሪያ አለው። ግፊቱ ካነሰ አይነሳም፤ ውሃው ይፈሳል፣ ሙቀት የለም። ሰዎች «ዕቃው ተበላሽቷል» ብለው ሲመልሱ ብዙ ጊዜ ዕቃው ምንም አልሆነም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሻወሩ ሥር አስቀምጡ፣ ሙሉ ክፈቱትና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ደህና ነው። 4 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከፈጀ ኢንስታንቱን እርሱት፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ አብራችሁ አስቡ። ሙከራውን ሁለት ጊዜ ሥሩት። አንዴ የመንገዱ ውሃ በመጣበት ቀን፣ አንዴ ውሃ በሌለበትና ሮቶው ብቻ በሚሰጥበት ቀን። ልዩነቱ ያስገርማችኋል፤ ማመን ያለባችሁ ደግሞ ደካማውን ቁጥር ነው።

ሌላም አለ። በአንዳንድ ቤት ቀዝቃዛው ከመንገዱ መስመር፣ ቦይለሩ ደግሞ ከሮቶ ነው የሚጠጣው። እንዲህ ከሆነ ሻወሩ ላይ ማመጣጠን አይቻልም። ጠንካራው ደካማውን ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እናንተም አንዴ ሲበርዳችሁ አንዴ ሲያቃጥላችሁ ትታጠባላችሁ። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ምንጭ መምጣት አለባቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሳትነግሩት ላያደርገው ይችላል፤ ንገሩት።

ውሃ ሲጠፋስ? ቦይለሩ ውስጥ 50 ሊትር ሙቅ ውሃ ተቀምጦ እያለ ከቧንቧው ጠብታ አይወጣም። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። ምክንያቱ ግን ሙቁ ውሃ የሚወጣው ከታንኩ አናት መሆኑ ነው፤ የሚገፋው ደግሞ ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛው ካልመጣ የሚገፋ የለም። መግቢያው ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው፣ ካረጀ ወይም ጭራሽ ካልተገጠመ ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ የሞላው ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ማሞቂያው ብረት ውሃ አጥቶ ይቀራል። መብራቱ በርቶ ከሆነ በዚያው ይቃጠላል። ውሃ በጠፋ ቀን ቦይለሩን አጥፉ። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው እስኪስተካከል ጠብቁ፣ ከዚያ አብሩ።

የውሃው ጠባይም አለ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው። ከአቃቂ የሚመጣው የጉድጓድ ነው፣ ማዕድን ይበዛዋል። የቱ እንደሚደርሳችሁ ለማወቅ ቢሮ መሄድ አያስፈልግም። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን አንሱና ውስጡን እዩት። ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ነገር ቦይለሩ ውስጥም ብረቱ ላይ ይጋገራል። የተጋገረበት ብረት ሙቀቱን ለውሃው በደንብ አያስተላልፍም፣ ራሱ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። እንዲህ ዓይነት ውሃ ያላችሁ ሰዎች በቀላሉ ተፈቶ የሚጸዳ ቦይለር ምረጡ።

ቀጥሎ መብራቱ

አንድ ኤሌክትሪሻን ወዳጄ ካዛንቺስ ፎቅ ቤት ተጠርቶ አብሬው ሄድኩ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቦይለሩ ተበላሽቷል ብለው አምነዋል።

«ብሬከሩ ይወርድብኛል ልጄ፤ ይሄ ቦይለር ነው የሚያወርደው።»

«እማማ፣ ሁሌ ነው የሚወርደው ወይስ አልፎ አልፎ?»

«አልፎ አልፎ ነው። ማክሰኞ ወርዷል። ቅዳሜም ወርዷል።»

«እንጀራ መቼ ነው የሚጋግሩት?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ማክሰኞና ቅዳሜ» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ቦይለሩ 1,500 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 5,000 ዋት፣ ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 23 አምፔር ገደማ ይመጣል። የቤቱ ብሬከር ባለ 20 ነበር። ብሬከሩ ሥራውን ነው የሠራው፣ ቦይለሩም ምንም አልሆነም። ወዳጄ ያዘዘላቸው ዕቃ መቀየር አልነበረም፤ ምጣዱ ሲሰካ ቦይለሩ ይጥፋ ብቻ።

እዚህ ጋ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ብሬከር ሲወርድ «ትልቅ ብሬከር አስገባልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ቤት ማቃጠል ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ቀጭን ሆኖ ጠባቂው ዝም ካለ ግድግዳው ውስጥ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እናንተ አታዩትም።

ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 አካፍሉ። 1,500 ዋት 7 አምፔር ገደማ ነው። 2,000 ዋት 9 ነው። 3,500 ዋት 16 ነው። 5,500 ዋት ደግሞ 25 ነው። ለቦይለር ለብቻው ከብሬከር የሚነሳ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይበቃዋል። 5,500 ዋት ለሚስብ ኢንስታንት ባለ 6 ገመድ አስጎትቱ። ከተለመደው ሶኬት ላይ በፍጹም አትሰኩት። በጋራ ቆጣሪ የምትጠቀሙ የግቢ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ ኢንስታንት ከመግዛታችሁ በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። እናንተ ሻወር ስትገቡ የሦስት ቤት መብራት መጥፋት የለበትም።

የቮልቴጁንም ነገር አስቡት። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም 180 ቮልት ድረስ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። የማሞቂያ ብረት ጉልበት ከቮልቴጁ በላይ ነው የሚወርደው፤ በ180 ቮልት ባለ 1,500 ዋቱ ወደ 1,000 ዋት ይሆናል። በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሞቅ የነበረው 50 ሊትር 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ቦይለሬ ደከመ» የሚል ሰው አንዳንዴ የደከመው መስመሩ ነው። ቦይለር ይታገሣል፣ ቆይቶም ቢሆን ያሞቃል። ኢንስታንት ግን መታገሻ የለውም፤ መብራቱ ሲደክም እዚያው እላያችሁ ላይ ይቀዘቅዛል።

ኧርዝ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ገመድ፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ኧርዝ የላቸውም። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ኖሮት ከኋላው ምንም ገመድ ያልመጣበትም አለ። ውሃ፣ ባዶ እግርና 220 ቮልት አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ በ«ይሁን ግድ የለም» አይታለፍም። ኤሌክትሪሻኑ ኧርዙን በመሣሪያ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በተጨማሪ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር አስገጥሙ። ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስገጥሙ ብባል ይህን ነው የምለው።

አሁን ወደ ዕቃው

ለመሃል አዲስ አበባ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ታንክ ያለውን ቦይለር ነው። ፈረቃውንም፣ ደካማ ግፊቱንም፣ የሚዋዥቀውን መብራትም ከሁሉም በላይ የሚችለው እሱ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቀድሞ የሞቀው ለሰዓታት ይቆያል።

መጠኑን በሰው ቁጥር አስሉ። የቧንቧው ውሃ ወደ 17 ዲግሪ ነው እንበል። 50 ሊትር በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ለገላ በሚመች በ40 ዲግሪ 80 ሊትር ያህል ይወጣዋል። አንድ ሰው በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 6 ደቂቃ ቢቆም 36 ሊትር ጨረሰ። ስለዚህ 50 ሊትር ተከታትለው ለሚታጠቡ ሁለት ሰዎች ነው። 30 ሊትር ለአንድ ሰው፣ ሲበዛ ለሚቸኩሉ ሁለት። 80 ሊትር ለሦስት፣ ለአራት ሰው። አራት ሰው ሆናችሁ ሁለታችሁ ማታ፣ ሁለታችሁ ጠዋት የምትታጠቡ ከሆነ 50 ይበቃችኋል፤ ለምን ትልቅ ታሞቃላችሁ? ጠባብ ባኞ ቤት ያላችሁ ደግሞ የሚተኛውን ዓይነት ትመርጣላችሁ። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ቀዝቃዛና ሙቁ ቶሎ ስለሚደባለቅበት ከሚቆመው ትንሽ ያነሰ ሙቅ ውሃ ነው የሚሰጣችሁ።

ኢንስታንትን ጨርሶ አልጠላውም። አዲስ አፓርታማ ውስጥ ፓምፕ ካለ፣ ገመዱ ከመጀመሪያው ለሱ ተብሎ ከተጎተተ፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ጥሩ ነው። ግን የሚሰጠውን ውሃ እወቁ። 17 ዲግሪውን ውሃ ወደ 40 ለማድረስ ባለ 3,500 ዋቱ በደቂቃ 2 ሊትር ያህል ብቻ ያሞቃል። ባለ 5,500ው ከ3 ሊትር ተኩል ያነሰ። ለእጅ መታጠቢያና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። ፀጉሯን ልትታጠብ የገባች ሴት ግን ትሠቃያለች። በቆላ ከተማ ውሃው ከመጀመሪያው ሞቅ ያለ ስለሆነ ይኸው ዕቃ ደህና ይሠራል፤ የአዲስ አበባ ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ «እኔ ጋ አሪፍ ነው» ስላላችሁ ብቻ አትግዙ።

ብዙ ሰው «ኢንስታንት መብራት ይበላል» ይላል። ይሄ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። አንድ ገላ መታጠቢያ 36 ሊትር ውሃ ለማሞቅ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ በቦይለርም ሆነ በኢንስታንት ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቦይለር ቀኑን ሙሉ ከበራ ማንም ሳይታጠብ እንኳ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በታንኩ ግድግዳ በኩል ይጠፋበታል። በወር 30 ነው። የቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ የቦይለር ቁልፉ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የምትታጠቡ ከሆነ 11 ሰዓት ላይ የሚያበራ ታይመር አስገጥሙ። 50 ሊትሩ ሙሉ ለሙሉ ባይግልም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ይደርሳል። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ ቦይለሩን ብቻ አብሩ፣ ከመሞቁ በፊትና ከሞቀ በኋላ ቀሪውን አንብቡ።

ሶላር

ጣሪያው የራሳችሁ ከሆነ ሶላርን በቁም ነገር አስቡት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ፀሐይ በነጻ ታሞቅላችኋለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመና ነው፤ ስለዚህ ውስጡ የመብራት ማሞቂያ ያለውን ውሰዱ። ከተማዋ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፊቱ ወደ ደቡብ ሆኖ ትንሽ ብቻ ያዘመመ ይበቃዋል።

ችግሩ ክብደቱ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ ሲሞላ ከነብረቱ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። በባህር ዛፍ ላይ የተመታ የቆየ ቆርቆሮ ጣሪያ ይህን አይሸከምም። ወይ ኮንክሪት ጣሪያ፣ ወይ ከመሬት የሚነሳ የብረት ማማ ያስፈልጋል። ሮቶው ከሶላሩ ታንክ ከፍ ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃ አይገባለትም። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ደግሞ ጣሪያው የጋራ ነው፤ ከነዋሪዎች ማኅበሩ ጋር በጽሑፍ ሳትስማሙ ዕቃ አትግዙ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በመስታወት ቱቦ የተደረደረ ነው፣ ሌላው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ባለ ቱቦው ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀላል፣ በደህና ቀንም ውሃውን በጣም ያግለዋል። ግን ለፈረቃ ከተማ አንድ አደጋ አለበት። ውሃ ጠፍቶ ቱቦዎቹ ባዶአቸውን ፀሐይ ሲመታቸው ውለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ድንገት ውሃ ቢመጣ፣ ቀዝቃዛው የጋለውን መስታወት ሲነካው ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ከሆነ መግቢያውን ዘግታችሁ እስኪመሽ ጠብቁ፣ ማታ ወይም በማለዳ ሙሉት። በረዶ በጠጠር በጠጠር የሚጥልበትን ቀንም አትርሱ። እኔ ውሃው ብዙ ጊዜ ለሚጠፋበት ሰፈር ጠፍጣፋውን እመርጣለሁ፣ ትንሽ ቢወደድም።

ጋዝ፣ ባልዲና የቀረው

በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራም አለ። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ያጓጓል። ነገር ግን ባኞ ቤት ውስጥ አይገጠም፤ ይህን ያለ ማመንታት ነው የምለው። በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ማቃጠያ እዚህ አየር ያንሰዋል። ከውጭ በረንዳ ላይ፣ ጭሱ በቱቦ ወጥቶ፣ በሚያውቅ ሰው ከሆነ ብቻ።

የቀበሌ ቤት ያላችሁስ? ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ኧርዝ የለም፣ ባኞ ቤቱ የጋራ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ቤት ቦይለር ከማንጠልጠል ምድጃ ላይ ውሃ አሙቆ በባልዲ መታጠብ ይሻላል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ማሞቂያ ብረት ግን ተጠንቀቁ። ተሰክቶ እያለ «ሞቀ ወይ?» ብሎ እጅ መንከር ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ብረቱን አውጡ፣ ከዚያ ንኩ። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይግባ። ፍል ውሃ ሄዶ መታጠብም የቆየ የከተማችን ልማድ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ቦታውን የወደዱት ለዚያ ውሃ ነበር።

ግድግዳውና ገጠማው

50 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ከ65 ኪሎ አያንስም። 80 ሊትሩ 100 ኪሎ ይደርሳል። የኮንዶሚኒየም መከፋፈያ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ክፍት ነው። በተለመደው ፊሸር፣ ማለትም ብሎን በሚይዘው የፕላስቲክ ሶኬት፣ የተሰቀለ ቦይለር ለጊዜው ይይዛል፣ ቆይቶ ይላላል። ግድግዳውን በጣት አጥንት አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይ ዓምዱንና ቢሙን ፈልጉ፣ ወይ ግድግዳውን በስቶ በወዲያኛው በኩል በብረት ሰሌዳ የሚታሰር ብሎን አሠሩ። ከሻወሩም አታርቁት፤ ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ሙቁ እስኪደርስ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ ይበዛል፣ በፈረቃ ከተማ ደግሞ ያ ውሃ ያሳዝናል። ለሙቁ መስመር ቀይ መስመር ያለበትን ቧንቧ ጠይቁ፣ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ ነው።

ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው በሚገባበት በኩል የምታዩት፣ ትንሽ እጀታና ትንሽ አፍንጫ ያለው ነገር ነው። ቦይለሩ ሲሞቅ ከአፍንጫው ጠብ ጠብ ይላል። ወለሉ ይረጥባል፣ ሰው ይሰለቻል፣ አንድ ቀን አንዱ ይመጣና በጨርቅ ወይም በብሎን ይደፍነዋል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። 50 ሊትር ውሃ ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከሦስት አራተኛ ሊትር በላይ ይሰፋል። ታንኩ ዝግ ነው፣ መሄጃው ያ አፍንጫ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም አንድ ቀን ሳይቆርጥ ቢቀር፣ አፍንጫው ደግሞ ተደፍኖ ከሆነ፣ ታንኩ ይፈነዳል። የሚያስጠላችሁ ጠብታው ከሆነ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አገናኙለትና ወደ ፍሳሹ ይውረድ፤ ጫፉ ክፍት ይሁን እንጂ። በወር አንዴ እጀታውን አንሱት። ውሃ ከፈሰሰ በሕይወት አለ። ካልፈሰሰ ቀይሩት።

ሙቀቱን 60 አካባቢ አድርጉት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መተው ጥሩ አይደለም፤ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆች ሲታጠቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፣ ሙቁን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ሱቁ ጋ ስትደርሱ

ቀለሙንና ስክሪኑን ተዉት። ጎኑ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ሊትሩ፣ ዋቱ፣ ቮልቱ፣ የሚችለው ግፊት እዚያ አለ። ቦይለሩን አንሱት። ሁለት ባለ 50 ሊትር ጎን ለጎን አንዱ በግልጽ ከቀለለ ብረቱ ወይም ሽፋኑ የሳሳ ነው። ከዚያ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ማሞቂያ ብረቱ ቢቃጠል መለዋወጫው አለ ወይ? የማግኒዚየም ዘንጉስ? ዋስትናው ደረሰኝ ላይ ይጻፋል ወይ? መለዋወጫውን አውጥቶ ካሳያችሁ ጥሩ ሱቅ ነው። «እሱ አይበላሽም» ካላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

የማግኒዚየሙ ዘንግ ሥራ ታንኩን ከዝገት ማዳን ነው። ውሃው ብረቱን እንዳይበላ ዘንጉ ቀድሞ ይበላል። ሲያልቅ ተራው የታንኩ ነው። በዓመት አንዴ መብራቱን ከብሬከር አጥፍታችሁ፣ ውሃውን አስወርዳችሁ፣ ባለሙያ ከፍቶ ያሳያችሁ፤ ዘንጉ ወደ ሽቦነት ከተጠጋ ይቀየር፣ በዚያው ቅርፊቱም ይጠረግ። ተከራዮች ይህን ከአከራያችሁ ጋር ስትገቡ ተነጋገሩ፤ ማን እንደሚያስጠግን፣ ስትወጡ ቦይለሩ የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ ይጻፍ።

በተገጠመ ቀን ባለሙያውን ቶሎ አትሸኙት። እሱ እያለ ታንኩን ሙሉ፣ የሙቁ ቧንቧ ሳያቋርጥ ሲፈስ እዩ፣ ከዚያ መብራቱ ይብራ። ቴርሞስታቱ ራሱ ሲቆርጥ እስክታዩ ጠብቁ። የሊኬጅ ብሬከሩን መሞከሪያ ተጫኑና ይውረድ። መገጣጠሚያዎቹ ሥር ደረቅ ሶፍት አስቀምጡ፤ ከረጠበ እዚያው ይጥበቅ። የተገጠመበትን ቀን ጎኑ ላይ በማርከር ጻፉበት፣ የዘንጉ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።